መረጃ፣ ማስረጃና መርዶ

ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ በዓለም ሊቃውንት አነጋገር «የመረጃ ኅብረተሰብ» የሚባል ስም ይሰማል። ስሙ ከውጭ አገር የመጣ ስለ ሆነ ለብዙዎቻችን ሩቅ ይመስለናል፤ ነገሩ ግን በየቤታችንና በየኪሳችን፣ በቤተ ክርስቲያንም ዐጸድ ሳይቀር ገብቶ ተቀምጧል። ቅዳሴው ሳይፈጸም የስብከቱ ወሬ ባሕር ተሻግሮ ይደርሳል፤ ሰው የጎረቤቱን መታመም ሳያውቅ በሌላ ክፍለ ዓለም የደረሰውን የመሬት መናወጥ ያውቃል። ስለዚህ የዚህን ኅብረተሰብ አመጣጥና ጠባይ መመርመር ለካህናትም ለምእመናንም የሚገባ ሆኖ ስላገኘነው፣ በዚህ ጽሑፍ ጥቂት ለማለት አሰብን።

ፍሪትዝ ማክሉፕ የሚባል፣ በኦስትሪያ ተወልዶ በአሜሪካ ያስተምር የነበረ የኢኮኖሚ ሊቅ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ ዕውቀትን እንደ እህልና እንደ ብረት ሊሰፍረው ተነሣ። ትምህርት ቤቱን፣ ማተሚያ ቤቱን፣ ፖስታውን፣ ስልኩን፣ ራዲዮውን ሁሉ ደምሮ፣ በ1958 ከአሜሪካ ጠቅላላ ምርት 29 ከመቶ የሚሆነው ዕውቀትን ከማምረትና ከማከፋፈል የተገኘ ነው ሲል ጻፈ። በ1973 ደግሞ ዳንኤል ቤል የተባለው የአሜሪካ ሊቅ ኅብረተሰብ በሦስት ደረጃ እንደሚያልፍ አስተማረ፤ አስቀድሞ መሬት አርሶ፣ ቀጥሎ በፋብሪካ ሠርቶ፣ በመጨረሻም በዕውቀትና በአገልግሎት ይኖራል አለ። በጃፓንም በዚያው ዘመን ያሉ ጸሐፊዎች በዚሁ ጉዳይ ብዙ ደክመዋል።

ይህ አሳብ በአፍሪካ በይፋ የተመከረበት ስፍራ ከተማችን አዲስ አበባ መሆንዋን ብዙ ሰው አያስታውስም። በ1988 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የተሰበሰቡት የአፍሪካ ሚኒስትሮች ስለ አፍሪካ የመረጃ ኅብረተሰብ የወጣውን ዕቅድ ተቀብለው አጸደቁ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ኢንተርኔት አስተዳደር የሚመክረው 17ኛው ዓለም አቀፍ ጉባኤ በዚሁ ኮሚሽን አዳራሽ ተደረገ።

ነገር ግን የቤል ሦስት ደረጃዎች በአገራችን እንደ ተጻፉት አልሆኑም። ገበሬያችን ፋብሪካ ሳያይ፣ ሞፈሩንና ቀንበሩን ከትከሻው ሳያወርድ፣ በኪሱ ስልክ ያዘ። በ2006 ዓ.ም. በተከፈተው በ8028 የስልክ መሥመር ገበሬው ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ምክር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ለመስማት ቻለ። እንግዲህ የመረጃ ኅብረተሰብ የበለጸጉ አገሮች የመጨረሻ ደረጃ ነው የሚለው አነጋገር ለእኛ አይስማማም። እኛን ያገኘን በሬ ጠምደን፣ በጨለማ ቤት ኩራዝ አብርተን ሳለን ነው፤ ጥቅሙም ጉዳቱም በእኛ ዘንድ ሌላ መልክ የያዘው ስለዚህ ይመስለናል።

በአገራችን ወሬ ከጥንት ጀምሮ የሚሄደው በሰው እግርና በሰው አፍ ነበር። ዐዋጅ ሲወጣ ነጋሪት ተጐስሞ፣ የሰማው ላልሰማው እንዲያሰማ ታዝዞ፣ ቃሉ ከገበያ ወደ መንደር ይወርድ ነበር። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890 ዓ.ም. ግድም፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መሥመር ተዘረጋ። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ካህናት «አካል የሌለው ድምፅ የሰይጣን ነው» ብለው ተቃወሙ እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ዛሬ ይህን የሚሰማ ሁሉ ይሥቃል። እኛ ግን ለመሣቅ አንቸኩልም። እነዚያ አበው ስለ ሽቦው ተሳስተው ይሆናል፤ ጥያቄያቸው ግን፣ ይኸውም የሚናገረው ማን ነው፣ ቆሞ የሚናገረውስ ወዴት ነው የሚለው፣ አሁን በእኛ ዘመን ኮምፒዩተር የማንንም ሰው ድምፅና መልክ አስመስሎ፣ ያልተናገረውን እንደ ተናገረ አድርጎ ሲያቀርብ እንደ ገና ተነሥቷል። አባ እገሌ ሰበኩት የተባለውን ስብከት አባ እገሌ ራሳቸው ከሰው እኩል በስልክ ሲሰሙት የሚደነግጡበት ቀን ሩቅ አይደለም።

ከስልኩ በኋላ የመጣው በየተራው ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። ራዲዮ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ፤ ይኸውም የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ድንበራችንን ከመጣሱ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይቀድም ነው። ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም.፣ ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም.፣ የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ገቡ። እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ አገልግሎቱን ሁሉ የሚሰጠው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ኩባንያ ተጨምሯል። ዓመታቱን መደርደር ብዙም አይጠቅምምና ወደ ዋናው ነገር እንለፍ።

ቋንቋችን በዚህ ነገር ከእኛ ይልቅ ዐዋቂ ሆኖ እናገኘዋለን። በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ይህን ሥራ የያዘው መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ሚኒስቴር ይባል ነበር፤ በኋላ ግን «መረጃ» የሚለው ቃል ገነነ። መረጃ ተረዳ ከሚለው ግስ ይወጣል። ማስረጃ የሚለውም አስረዳ ከሚለው ነው። መርዶ የሚለውም አረዳ ከሚለው ነው፤ «እገሌ ተረዳ» ሲባል ሞት ተነገረው ማለት እንደ ሆነ ሽማግሌዎች ያውቃሉ። ሦስቱ ቃላት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። መረጃ ወደ ጆሮ የደረሰ ነገር ሁሉ ነው። ማስረጃ የሚቆምለት ምስክር ያለው ነው። መርዶ ደግሞ፣ እውነት መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ እንኳ፣ ማን ለማን በምን ሰዓት እንደሚነግረው በሥርዐት የተወሰነለት ቃል ነው። ዘመኑ የመጀመሪያውን ልጅ አሳደገና ሁለቱን ታናናሾች ዘነጋ፤ ነገራችን ሁሉ በዚህ ውስጥ ነው።

እኛ በምናገለግልበት በልደታ ሠፈር ይህ ልዩነት በየቀኑ ይታያል። በአዲስ አበባ ሰው «ልደታ እሄዳለሁ» ሲል ወይ ወደ እመቤታችን ደጅ ነው፣ ወይ ወደ ፍርድ ቤት ነው፤ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ችሎት በዚሁ አለና። ምስክር በችሎት ፊት ሲቀርብ መጀመሪያ ይምላል፤ ስሙንና አድራሻውን ይናገራል፤ ከዚያ ያየውን ከሰማው ይለያል። ሐሰት ቢናገር ይቀጣል። ያው ሰው ከችሎቱ ወጥቶ አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ ማን እንደ ጻፈው የማያውቀውን ወሬ በስልኩ ለመቶ ሰው ያስተላልፋል። በውስጥ የተጠነቀቀለት የሰው ስም በውጭ በአንድ ጣት ይጠፋል። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ በዚያ ምስክር ነው፣ በዚህ ግን ምንም እንዳልሆነ ይቆጥረዋል።

ቤተ ክርስቲያናችን ዕውቀትን ከምስክር ለይታ አታውቅም። በአብነት ትምህርት ቤት ደቀ መዝሙር ትምህርቱን ሲፈጽም «ጨረሰ» አይባልም፣ «አስመሰከረ» ይባላል። ድጓ የተማረ ሰው በጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ በመምህሩ ፊት ካላስመሰከረ፣ ድጓውን በእጁ ጽፎ ቢጨርስ እንኳ መምህር አይሆንም። ለምን ቢባል፣ በድጓው ፊደል ራስ ላይ የተጻፉት ምልክቶች፣ ይዘቱ፣ ደረቱ፣ ድፋቱ፣ ጭረቱ፣ ቅናቱ፣ ርክርኩ፣ ሂደቱ፣ ቁርጡ፣ ከመምህር አፍ ላልሰማቸው ሰው የቀለም ነጠብጣብ ናቸው። መጽሐፉ መረጃውን ይዟል፤ ዜማው ግን በሰው ጉሮሮ ውስጥ አድሮ ከሰው ወደ ሰው ይሻገራል።

እንግዲህ እኛ የአዲሱ መሣሪያ ጠላት ነን ማለታችን አይደለም፤ ውለታውን መካድ ኀጢአት ነውና። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 በመንበረ ፓትርያርክ ፈቃድ፣ በአሜሪካ ከሚገኙ ተቋማት ጋር በመተባበር የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ፣ ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍትን ፎቶግራፍ አንሥቶ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ በአብዮቱና በጦርነቱ ስንት መጽሐፍ እንደ ተቃጠለና እንደ ተሰረቀ ስናስብ፣ ፊልሙ ባይኖር ኖሮ ስማቸውም ይጠፋ የነበሩ መጻሕፍት መኖራቸው ያስደነግጠናል። ነፍሳቸውን ይማርና፣ በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ዶክተር ጌታቸው ኀይሌ በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር በኮሌጅቪል ተቀምጠው፣ በስደት አገር ሆነው፣ እነዚህን መጻሕፍት አንድ በአንድ እየመረመሩ መዘገቡ። ዛሬ በደብር ያለ ደቀ መዝሙር ኢንተርኔት ካገኘ ብዙዎቹን በስልኩ ማየት ይችላል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ፊልሙን መጽሐፍ ያደረገው፣ ይህ የእገሌ ድርሰት ነው፣ ይህ በእገሌ ንጉሥ ዘመን ተጻፈ፣ ይህ ቅጠል ከቦታው ተዛውሯል ብሎ ስሙን ከምዝገባው በታች የጻፈው ሰው ነው። መኪናው ፎቶግራፍ አነሣ፤ ሊቁ መሰከረ።

ይህ ነገር በሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ ከተጻፈው ከአገራችን ሰው ታሪክ ጋር አንድ ነው። የህንደኬ ጃንደረባ የኢሳይያስን መጽሐፍ በሠረገላው ላይ ይዞ ነበር፤ ፊደሉንም ያውቃል፣ ያነብም ነበር። የጐደለው መረጃ አይደለም። ፊልጶስ ቀርቦ ማስተዋሉን ሲጠይቀው፣ የሚመራው ሰው እንደ ሌለው በትሕትና ገለጠለት፤ ፊልጶስም ወደ ሠረገላው ወጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ። መጽሐፉ ከኢየሩሳሌም እስከ ጋዛ መንገድ ድረስ ከእርሱ ጋር ተጉዟል፤ ትርጓሜው ግን የደረሰው በሰው ነው። በዚያው መጽሐፍ በ17ኛው ምዕራፍ ደግሞ አዲስ ነገር ከመናገርና ከመስማት በቀር ሌላ ሥራ ስላልነበራቸው ስለ አቴና ሰዎች ተጽፏል። ሁለቱም ሰሚዎች ናቸው፤ ጃንደረባው ለመረዳት ሰማ፣ እነዚያ ለመስማት ሰሙ።

ወደ መርዶ እንመለስ፤ የጽሑፋችን ከባዱ ነገር በዚህ ነውና። አባቶቻችን መርዶን እንዴት ያደርሱ እንደ ነበር ሁላችን እናውቃለን። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ዘመድ አዝማድ አስቀድሞ ይመክራል። የሚረዳው ሰው ሕመምተኛ እንደ ሆነ፣ ሴትዮዋ ነፍሰ ጡር እንደ ሆነች ይጠየቃል። የንስሐ አባት ይጠራል። ማለዳ፣ ጎረቤት ቤቱ ሳለ፣ ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመዶች አብረው ይሄዳሉ፤ ልቅሶው ሲነሣ የሚደግፍ ክንድ በአጠገብ አለ። የመርዶው ቃል ሁለት ወይም ሦስት ቃል ቢሆን ነው፤ የቀረው ሁሉ ለሰሚው የተደረገ ጥንቃቄ ነው። ሕዝባችን ይህን ሥርዐት ወደ ስደትም ይዞት ሄዷል፤ በዋሽንግተንም ሆነ በሌላ ከተማ ያሉ ወገኖቻችን ገና ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው የወገናቸውን በር ሲያንኳኩ ኖረዋል።

ዛሬ ግን ልጅ የእናቱን ሞት ከፌስቡክ ያነባል። አንድ የሩቅ ዘመድ፣ ለማዘን ቸኩሎ፣ የሟችን ፎቶግራፍ ከሻማ ሥዕል ጋር ያወጣል፤ ልጅዋ በሥራ ላይ፣ በመኪና መሪ ላይ፣ ብቻውን ሳለ ያየዋል። ወሬው እውነት ነው። ማስረጃም አለው። ሆኖም መርዶ አልሆነም፤ የተቀበለው ሰው ስለ መቀበሉ ማንም አላሰበለትምና። ብዙ ጊዜ ስለ ሐሰተኛ ወሬ እንሰብካለን፤ መልካም ነው። እውነተኛውም ወሬ ያለ አድራሽ ሲላክ እንዴት እንደሚሰብር ግን ጥቂት እንኳ አንናገርም።

በልደታ ይህ ነገር ሌላም ምክንያት አለው። በ2001 ዓ.ም. ግድም የድሮው ሠፈር ፈርሶ በምትኩ የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎችና ፎቆች ተሠሩበት። ብዙ ነዋሪ ወደ ሌላ ሠፈር ሄደ፤ ዕድሩ ግን ስሙን ይዞ ቀረ። ቀድሞ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው ማለዳ በየመንገዱ እየዞረ፣ የሟችን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገር ነበር። ድምፁ የሚሰማው ሠፈሩ እስከሚያልቅበት ብቻ ነው፤ የሚሰማውም ሁሉ ለቀብሩ በእግሩ ሊደርስ የሚችል ሰው ነው። አባላቱ በከተማው ዳር ሁሉ ከተበተኑ ወዲያ ጥሩምባው አይደርስባቸውም፤ ስለዚህ ዕድርተኛው በቴሌግራም ተሰበሰበ። ይህን ልንነቅፍ አንችልም፤ ያለዚያ ሬሳውን የሚሸኝ ሰው ባልተገኘም ነበር።

የቃል መፍጠን ሰውን የሚጐዳውን ያህል የቃል መቆረጥም ይጐዳዋል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘጋ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በትግራይ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋርጦ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶርያው ስምምነት እስኪፈረም ድረስ በብዙው ስፍራ ዝምታ ሆነ። በአዲስ አበባ ያለ ልጅ በአክሱም ያሉ ወላጆቹ ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቅ ጾሙንም በዓሉንም ሁለት ጊዜ አሳለፈ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በትግራይ የተሠዉት ልጆች መርዶ በይፋ ሲነገርና የሐዘን ቀናት ሲታወጁ፣ ብዙ እናቶች የሰሙት ዓመታት ያለፉትን ሞት ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በዐማራ ክልል ኢንተርኔት ተዘግቶ፣ ያው ጭንቀት ወደ ሌላው ወገን ዞረ። ስልክ ሲኖር ሞት ያለ ጊዜው ይደርሳል፤ ስልክ ሲጠፋ ጊዜው ካለፈ በኋላ ይደርሳል፤ በሁለቱም መካከል የቆመው ሰሚው ነው።

ቤተ ክርስቲያናችንም በራስዋ ይህን አይታለች። በጥር 2015 ዓ.ም. ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጭ የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት በተደረገ ጊዜ፣ ምእመናን በጾመ ነነዌ ጥቁር ለብሰው እንዲጸልዩ የወጣው ጥሪ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከከተማ እስከ ገጠር፣ ከአገር ቤት እስከ ስደት ደረሰ። ነጋሪት አልተጐሰመም፤ ሆኖም ከነጋሪት ዘመን በፈጠነ ሁኔታ ሕዝቡ በአንድነት ቆመ። ጾሙ በተፈጸመ ማግሥት፣ በየካቲት መጀመሪያ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገደቡ፤ እገዳውም ለወራት ቆየ። በዚያ ሳምንት ያየነው ሁለት ነገር ነው። በሲኖዶሱ ማኅተምና በአባቶች ፊርማ የወጣውን መግለጫ ሕዝቡ አመነው፤ ማኅተሙን አስመስሎ የወጣም ነበር፣ ምእመናንም እውነቱን ለመለየት ወደ ደብራቸው አስተዳዳሪ እየሄዱ በቃል ይጠይቁ ነበር። ያን ጊዜ የደብሩ አለቃ ሥራ እንደ ጥንቱ ሆነ፤ በዐውደ ምሕረት ቆሞ፣ ፊቱ እየታየ፣ ይህ የእኛ ነው፣ ይህ የእኛ አይደለም ይል ነበር።

ስለ ገንዘብ ብዙ አንልም፤ ብርም ቢሆን ከወረቀት ወደ ቁጥር ከተለወጠ ወዲህ መረጃ ሆኗል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዐት በአንድ ሌሊት በተበላሸ ጊዜ፣ ብዙ ሰዎች፣ ከእነርሱም ብዙ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው የሌለውን ገንዘብ አወጡ። መኪናው ፈቀደ፤ የፈቀደው ግን ሰው አልነበረም። በኋላ ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ አወጣ። የንስሐ አባቶች በዚያ ሰሞን ስንት ጥያቄ እንደ ቀረበላቸው እነርሱ ያውቃሉ።

ካህናትን የሚመለከት አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም፤ እርሱም የክርስትና ስም ነው። አባቶቻችን የክርስትና ስማቸውን ለማንም አይነግሩም ነበር፤ ካህኑና የክርስትና አባት ያውቁታል፣ በጸሎትና በፍትሐት ይጠራል። ዛሬ በዩቲዩብና በቴሌግራም «ጸሎት እንዲደረግላችሁ የክርስትና ስማችሁን ከታች ጻፉ» እየተባለ በሺህ የሚቆጠር ሰው የክርስትና ስሙን ከዓለማዊ ስሙና ከፎቶግራፉ ጋር ያሰፍራል። ከዚያ አልፎ ሕመሙን፣ የትዳሩን ጠብ፣ የልጁን ሱስ ይጽፋል። ይህን የሚጠይቁት ሁሉ ክፉ ናቸው አንልም። ነገር ግን ለንስሐ አባት በጆሮ የሚነገረውን ለማያውቁት ሕዝብ ማሳየት ምን እንደ ሆነ፣ ያ ጽሑፍ ከዐሥር ዓመት በኋላ በማን እጅ እንደሚገኝ፣ ጸሎቱንስ በእውነት ማን እንደሚያደርሰው ምእመኑ አልጠየቀም። ካህን ምስጢር ሲቀበል በሥልጣነ ክህነቱና በነፍሱ ይጠየቅበታል። ዩቲዩብ በማን ይጠየቃል?

በልደታ አካባቢ ካሉት ዕድሮች አንዱ ከጥቂት ጊዜ በፊት በስብሰባው የወሰነውን ነገር እዚህ እንጽፋለን፤ ሌሎችም ቢመክሩበት ይጠቅማል ብለን ነው። በዕድሩ ቴሌግራም የሟች ስም የሚጻፈው ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ቤተ ሰቡ ሄደው፣ ልጆችና እኅት ወንድሞች ሁሉ መረዳታቸውን ጠይቀው ከተመለሱ በኋላ ነው። በውጭ አገር ያለ ልጅ ቢኖር በዚያ ከተማ የሚያውቀውን ካህን ወይም ወዳጅ ፈልገው ያገኛሉ፤ እርሱ ቤቱ ደርሻለሁ፣ ነግሬአለሁ ብሎ እስኪመልስ ይጠበቃል። ከጽሑፉ በታች የሁለቱ ሽማግሌዎች ስም ይሰፍራል። በስልክ የማይገኙ፣ በሠፈሩ የቀሩ አረጋውያን ስላሉም፣ ጥሩምባ ነፊው ደመወዙ አልተቋረጠም፤ ማለዳ በ12 ሰዓት በሕንጻዎቹ መካከል እየዞረ ይነፋል።